የአስራ አንደኛው ዙር ልጅ

ባሌን ያገኘሁት በአስራ አንደኛው ዙር ነው። ዛሬ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉት የፉትቦል ቡድኖች በየተራ የኮሌጅ ልጆችን የሚጠሩበትን ምልመላ አሳጥረው ሰባት ዙር አድርገውታል፤ ያኔ ግን አስራ ሁለት ነበር። ከስምንተኛው በኋላ የሚጠሩት ልጆች የተማሩበትን ኮሌጅ ካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ዙር ልጆች ፎቶግራፋቸው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የመጨረሻዎቹ ስማቸው ሳይሳሳት ከተጻፈላቸውም ትልቅ ነገር ነው። እኛ ደግሞ የምንወደው እነሱን ነበር።

እኛ ስል አባቴ ካዚሚር፣ ወንድሜ ኖርበርት፣ የአባቴ ጓደኛ ዚጊ እና እኔ በርኒ ማለቴ ነው። የከተማችን የላካዋና የብረት ፋብሪካ ጭስ መጋረጃችንን በሚያጠቁርበት በዚያ ዘመን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከበን እንቀመጥና ቡድናችን የመለመላቸውን ልጆች አንድ በአንድ እናማለን። ማማት ስል ደግሞ ማማት ነው። የአንዱ እግር ቀጥኗል፣ የሌላው ስም የጥርስ ሐኪም ስም ይመስላል፣ ሦስተኛው ፉትቦል የጀመረው ሌላ ሥራ አጥቶ ነው። አንዳቸውንም በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም። ይህ ግን አንድም ቀን ከሐሜት አግዶን አያውቅም።

በኋላ አባቴ ሕግ አወጣ። አንድ ሐምሌ ልምምድ ለማየት ሄዶ፣ እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ስንስቅበት የከረምነውን አንድ ልጅ አየ። የታወቁትን ልጆች ሕዝቡ በስማቸው እየጠራ ሲጮህላቸው፣ ያ ልጅ ብቻውን ጥግ ላይ ቆሞ ውሃ ይጠጣ ነበር አለን። አባቴ ማታ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። "ከዛሬ ጀምሮ" አለ፣ "ከስምንተኛ ዙር በኋላ የመጣ ልጅ ያማ ሰው፣ ያንን ልጅ ያሳድጋል።" ያማው ሰው የልጁን ቁጥር ማሊያ ላይ አስጽፎ ይለብሳል፤ ልምምድ ሲጀመር ሜዳው ድረስ ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ስሙን እየጠራ ይጮህለታል፤ ልጁ ከተባረረ ደግሞ ወደ አገሩ ከመሳፈሩ በፊት ቤቱ ወስዶ ያበላዋል። ሐሜቱ ከአፍ እንደወጣ ከመካከላችን የቀደመው የሾርባውን ድስት በጭልፋ ይመታል፤ ድስቱ ከተመታ በኋላ አላልኩም ማለት የለም።

አባቴ ራሱ ባወጣው ሕግ የተያዘው ላይል በተጠራበት ዓመት ነው። ከፋብሪካ ደክሞት ገብቶ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። አስራ አንደኛው ዙር ላይ ሬዲዮው "ላይል አመንድሰን፣ የፊት መስመር፣ ደቡብ ዳኮታ" አለ። የፊት መስመር ማለት ኳሱ ከመሬት ሲነሳ ካጎነበሰበት ተነስቶ ተቃራኒውን የሚጋፋ ሰው ነው። አባቴ ሳያስበው "ይሄ ሲጋፋ የኖረው ከላም ጋር ነው፤ ላሚቱም ሳታሸንፈው አልቀረችም" ብሎ ጣለ። ኖርበርት ድስቱን ሲመታው ሾርባው ግድግዳው ላይ ተረጨ። እናቴ ሁላችንንም በፖላንድኛ ሰደበችን።

እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልምምዱን ለማየት ከእነሱ ጋር የሄድኩት ለፉትቦል ፍቅር ብዬ አይደለም፤ ቤቱ ይሞቅ ስለነበርና ከእናቴ ጋር መስኮት ከማጠብ መኪና ውስጥ መቀመጥ ስለሚሻል ነው። ሜዳው አንድ ሰዓት ያህል የሚያስነዳ ኮሌጅ ውስጥ ነበር። ዚጊ ከፊት ተቀምጠው ቋሊማ በዳቦ እየበሉ የአባቴን አነዳድ ይነቅፋሉ። ደርሰን አጥሩን ተደገፍን። እንደ ፍሪዘር የተገነቡ ልጆች በፀሐይ እየተጋፉ ነበር። አባቴ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ላይል! በርታ ላይል!" ብሎ ጮኸ።

ከመካከላቸው አንዱ ቀና ብሎ ዞረ። አንገቱ በፀሐይ ተቃጥሎ ቲማቲም መስሏል። እዚህ አገር ማን ያውቀኛል የሚል ፊት ነበረው። ከዚያ እጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰላም አለን፤ አሰልጣኙም ጮኸበት። እኛ ሳቅን። ደግመን ጠራነው፤ ደግሞ ዞረ። በእውነት እላችኋለሁ፣ እኔ ያን ቀን ነው የተሸነፍኩት። ለአባቴ ግን በሚቀጥለውም ሳምንት መሄድ የምፈልገው ለአየሩ ነው አልኩት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ላይልን አባረሩት። አባቴ በሕጉ መሠረት ሄዶ ጓዙን በአንድ ከረጢት እንደያዘ አመጣው። እናቴ ፒሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል ቀቅላ በቅቤና በሽንኩርት ጠብሳ አቀረበችለት። በላ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ እንደገና በላ። ሲጨርስ ጠረጴዛውን እያየ ወደ አገሩ መመለስ እንደማይችል ነገረን። የመንደሩ ሰው በሙሉ በሙዚቃ ጓድ አጅቦ ነው የሸኘው፤ ከንቲባውም ንግግር አድርገውለታል። "ምን ብዬ እገባለሁ?" አለ። ዚጊ የጣራ ሥራ ተቋራጭ ነበሩ፣ አንድ ሠራተኛም ታሞባቸው ነበር። "ከፍታ ትፈራለህ?" አሉት። "አልፈራም።" "እንግዲያው ሁለት ሳምንት ሥራ አለኝ" አሉት።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት አላለቁም። ክረምቱን በረዶ ከጣራ እየጠረገ አሳለፈው፤ በሁለተኛው ዓመት ፀደይ ተጋባን። ሰርጉ ላይ ኖርበርት የሾርባ ድስቱን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ድረስ ይዞ መጥቶ እየመታ አዳራሹን አደነቆረው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ሳስብ የሚመጣብኝ ነገር ብዙ ነው፤ ሬንጅ የሚሸተው ሸሚዙ፣ ሐይቁ ላይ የሚነሳው የኅዳር ንፋስ፣ እሁድ እሁድ ከጨዋታ በፊት አባቴና ላይል መንገድ ላይ ቆመው ስለ ፊት መስመር የሚከራከሩት። የማልረሳው ግን አንድ ሌላ ነገርም አለ።

ቤተሰቤ ላይልን ይወደዋል። ስለሚወደውም በየበዓሉ ያጽናናዋል። የቱርክ ዶሮው ተቆርጦ ገና ሳይበላ አባቴ ብርጭቆውን ያነሳና "ያ አሰልጣኝ በድሎሃል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያባረረህ" ይለዋል። ኖርበርት "አሁን ካሉት ከአንዳቸውም አታንስም ነበር" ይላል። እኔም እል ነበር። ላይል ፈገግ ይላል፣ ያመሰግናል፣ ከዚያም በረዶውን ላየው ብሎ ይወጣል፤ ባይዘንብም ይወጣል። በየዓመቱ የምልመላው ቀን ሲደርስ ደግሞ እኛ ስንሰበሰብ እሱ መሰላሉን ጣራው ላይ አስደግፎ አሸንዳ ይጠርጋል። የማንንም ልጅ አምቶ አያውቅም። የመሰላሉን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ይሄ ሰውዬ እዚህ የቀረው የሚሄድበት አጥቶ ነው እል ነበር፤ የፈለገው ሌላ ነበር፣ እኔ የደረስኩት ከተባረረ በኋላ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ልጆች አሳድገን፣ አባቴንና እናቴን ቀብረን፣ ጡረታ ወጥተን፣ እኔ እስከ ዘንድሮ አልጠየቅኩትም ነበር።

ዘንድሮ ላይል ጉልበቱን አስቀየረ። ሐኪሙም መሰላል እንዳትነካ አለው። አሁን የምንሰበሰበው እኛ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ፍሪዘሩ ላይ፣ የዶሮ ክንፉ የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ። የጥንቶቹ የቀሩት ሰማንያ ስምንት የሞላቸው ዚጊ፣ ኖርበርትና እኔ ነን፤ የኖርበርት ልጅ ክሪስታ ተጨምራለች። ቅዳሜ ቀትር ላይ የጋራዡን በር ከፍተን፣ ከመንገዱ ዳር የመጨረሻው በረዶ ሲቀልጥ እያየን፣ አምስተኛው ዙር እንደተጀመረ ላይል ከዘራውን ይዞ መጣ። ወንበር ዘርግቶ ዚጊ አጠገብ ተቀመጠ። ኖርበርት የሚግጠውን ክንፍ አቁሞ አየኝ።

"አምስተኛ ዙር ላይ ኳስ ለጊ!" አለ ኖርበርት ቴሌቪዥኑ ላይ እያፈጠጠ። "ኳስ ለጊ! ሜዳ የሚገባው ለመለጋት ብቻ ነው፤ እኔ በነፃ እለጋላቸው ነበር እኮ።"

"አንተ? በቀደም የቆሻሻ ገንዳ ረግጠህ ወገብህን ይዘህ ሳምንት ተኛህ" አልኩት።

"በረዶ ነበራ!"

"አባዬ፣ አማኸው" አለች ክሪስታ ጭልፋውን እያነሳች። "ማሊያህን አዘጋጅ።"

"ልጁን አላማሁም! ቡድኑን ነው ያማሁት። ቡድን ማማት ይፈቀዳል። ዚጊ፣ ቡድን ማማት ይፈቀዳል አይደል?"

"ይፈቀዳል" አሉ ዚጊ። "ደግሞ ለጊ ያስፈልገናል። የአምናው የሚለጋው ኳሱን ሳይሆን ንፋሱን ነበር።"

በስድስተኛው ዙር ከፊት መስመር የሚጋፋ አንድ ልጅ ተጠራ፣ ከሞንታና። ክሪስታ ስልኳን ከፍታ የክንዱን ርዝመት፣ ክብደቱን፣ ፍጥነቱን ማንበብ ጀመረች።

"ቁጥሩን ተይውና መቀመጫውን አሳዪኝ" አሉ ዚጊ።

"አጎቴ ዚጊ! ኧረ ነውር ነው!"

"ምን ነውር አለው? የፊት መስመር ሰው የሚታወቀው በመቀመጫው ነው። ፊቱን ለእናቱ ተይላት።"

ቴሌቪዥኑ ልጁ ሲጫወት ማሳየት ጀመረ። ላይል ከዘራው ላይ ተደግፎ ወደፊት አዘነበለ። እኔ የማየው ስክሪኑን ሳይሆን እሱን ነበር። "ይሄ ልጅ ይሆናል" አለ። ሁላችንም ዞርንበት፤ በምልመላ ቀን ድምፁን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። "አያችሁት? ከኳሱ ጋር እኩል ነው የሚነሳው። ኳሱን ዓይቶ አይደለም። ይሄ ቡድኑ ውስጥ ይቆያል።"

ኖርበርት እንደዚህ ያለ ጊዜ ዝም ማለት አይችልም። ልቡ ደግ ነው፤ ደግነቱ ነው ችግሩ። "አንተስ ብትሆን?" አለው። "በዚህ ዘመን ቢሆን ኖሮ ማን ያባርርህ ነበር? በድለውሃል እኮ። አባባ እስኪሞት ድረስ ይሄንኑ ነበር የሚለው።"

ላይል ወደ ዚጊ ዞረ። ለዚህ ሰውዬ ሃያ ምናምን ዓመት ጣራ ላይ ሠርቷል። ዚጊ ሰው አያሞግሱም፤ አንድ ቤት አልብሰው ሲጨርሱ ትልቁ ሙገሳቸው "አያፈስም" ነው። በየበዓሉ እኛ ላይልን ስናጽናና ሳህናቸውን እያዩ ዝም የሚሉ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

"ዚጊ" አለ ላይል፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ያን ሐምሌ አንድም ሳምንት ሳይቀሩ አይተውኛል።"

"አይቼሃለሁ።"

"ጥሩ ነበርኩ?"

"ምን ጥያቄ አለው!" ብሎ ኖርበርት ዘሎ ገባ።

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አሉት ዚጊ። "ክሪስታ፣ ድምፁን ቀንሺው።"

"ዚጊ፣ ይተዉት እባክዎ" አልኳቸው። "አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?" የሚሉትን አውቄው አልነበረም፤ ግን የትኛውም መልስ አስፈራኝ። ጥሩ ነበርክ ቢሉት ያ የቀረበት ሕይወት እውነት ይሆናል። አልነበርክም ቢሉት ደግሞ ምን ሊተርፈው ነው?

"አልነበርክም" አሉ ዚጊ።

ወደ ላይል ዞረው ቀጠሉ።

"ጉልበት ነበረህ። ልብም ነበረህ። ግን ኳሱ ከተነሳ በኋላ ነበር የምትነሳው። ትንሽ ናት፣ ጥቅሻ ብታህል ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ጥቅሻ ብዙ ነው። እኔ በሁለተኛው ሳምንት አየሁት። ካዚሚርም አየው።"

"ካዚሚርም?"

"ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገረኝ። 'ልጁ አይሆንም፣ አይቆይም' አለኝ። በርኒ ከኋላ ተኝታ ነበር።"

ላይል ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘው። "ታዲያ ለምን በደሉህ ይለኝ ነበር? በየዓመቱ እኮ ነው።"

"ስለወደደህ ነዋ። አንድ ጊዜ ተናገረው፣ ከዚያ መመለሻ አጣ። እኔ ነገርኩት፣ ተው ለልጁ እውነቱን ንገረው አልኩት። 'ሆዱ ይባባል' አለኝ። እኔ ደግሞ በሰው ቤት ገበታ ላይ ተቀምጬ ምን ልበል?"

"እና አይሆንም ካላችሁ እስከ መጨረሻው ቀን ለምን ትመጡ ነበር?"

ዚጊ ትከሻቸውን ሰበቁ። "ስምህን ስንጠራ ትዞር ነበር። ሌሎቹ አይዞሩም። የሚሆን ተጫዋች አጥሩ ጋ ያለውን ሰው አይሰማም። አንተ ግን ሁልጊዜ ትሰማን ነበር። እንዴት አንመጣ?"

ኖርበርት አንገቱን ደፍቶ ነበር። ክሪስታ ጭልፋውን እንዳነሳች ረስታዋለች። ባሌ ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ። እሱ ግን አየር ወደ ውስጥ ሳበና ረጅም ትንፋሽ አወጣ፣ ከባድ ነገር ተሸክሞ ደረጃ ወጥቶ የሚያስቀምጥ ሰው እንደሚያወጣው ዓይነት።

"ስለዚህ ያ ቦታ የኔ አልነበረም" አለ።

"አልነበረም።"

"ማንም አልወሰደብኝም።"

"ማንም።"

"እኔ እኮ ዚጊ፣ በየዓመቱ እዚያ ላይ ሆኜ ያን ነሐሴ እንደገና እንደገና ነበር የምጫወተው" አለ፣ በከዘራው ወደ ጣራው እያመለከተ። "ማን ጠላኝ? ምን አጥፍቼ ነው? የቱ ቀን ላይ ነው የተበደልኩት? እያልኩ። አሸንዳ ስንት ጊዜ ይጠረጋል? ቅጠል እኮ አልነበረውም።" ሳቁ መጣ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ድረስ ሳቀ። "ዘግይቼ ነበር የምነሳው! ይሄው ነው? ዘግይቼ!"

"ጣራ ላይም ጠዋት ጠዋት ትዘገይ ነበር" አሉት ዚጊ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እጄ ትከሻው ላይ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይመጣም ብዬ ጠየቅኩት። ወንድሜ ይስማ፣ ክሪስታ ትስማ፣ ግድ አልሰጠኝም። "ላይል፣ ጣራ ላይ ስትወጣ እኮ እኔ ሌላ ነገር ነበር የሚመስለኝ።"

"ምን መሰለሽ?"

"እኔ ምትክ የሆንኩ መሰለኝ። ያ ሕይወት ቀርቶብህ የተሰጠሁህ።"

ቀና ብሎ አየኝ። የሳቁ እንባ ፊቱ ላይ ገና አልደረቀም። "የምን ምትክ?" አለኝ።

ሊያጽናናኝ ብሎ አልነበረም። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ማጽናናት ሲፈልግ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይሄኛው ግን ያልገባው ሰው ድምፅ ነበር። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ለመረዳት እየሞከረ ጠበቀኝ። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ብቻዬን ስፈራው የኖርኩትን ነገር እሱ አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም ነበር።

"የምን ምትክ ነው የምትይው በርኒ?" አለ ደግሞ።

"ተወው" አልኩት። ወንበሬን ሳብኩና ትከሻችን እስኪነካካ ድረስ ተጠግቼው ተቀመጥኩ። ኖርበርት አፍንጫውን በወረቀት እየጠረገ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።